የየራሳችሁ ጥያቄ

ተማሪዎቹ «ወንፊት» ይሉታል። ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ የሚያስተምር፣ ጉንዳን እንኳ ላለመርገጥ ዞር ብሎ የሚያልፍ መምህር ነው። ስሙን ያወጡለት «ገለባ በእኔ ፈተና አያልፍም» ማለት ስለሚወድ ነበር። ባለፈው ግን ልጆቹ በየቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት ሲፈተኑ፣ የአንዱ መልስ ከነስህተቱ በሁሉም ዘንድ ተገኘ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠራችውና፣ «ዳግም ከተኮራረጁ ኮርሱን እዘጋዋለሁ» አለችው። ከዚያ ሌላ የሚያስተምረው ኮርስ አልነበረውም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለየ ጥያቄ ሊያዘጋጅ ቆረጠ። አጥንቱ አንድ፣ ልብሱ ልዩ ልዩ፤ ከብዙ ነገር መካከል ሁለቴ የተመዘገበውን ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ለአንዱ ፍየል፣ ለአንዱ የሆስፒታል ካርድ፣ ለሌላው ወንበር። እኩል መክበዳቸውን ለማረጋገጥ ሚስቱንና አማቱን ሳሎን አስቀምጦ አነበበላቸው።

«ፍየሉን አውጣው» አለች ሚስቱ። «ከተማ ያደገ ልጅ ፍየል የት ያውቃል?»

«የፈተና ፍየል እኮ ነው፤ አይታይም።»

«የማይታይ ከሆነማ ይብሳል።»

ፍየሉ ወጣ።

«እናቱ የታመመችበት ልጅ የሆስፒታሉን ሲያነብ እጁ እንዴት ይታዘዝለታል? ምን በወጣው፣ ልጄ?» አሉ አማቱ።

ሆስፒታሉም ወጣ።

«ወንበርስ ማንን ያስከፋል?» አለ ወንፊት፣ ተስፋ አድርጎ።

«ቆሞ የሚፈተን ካለስ?» አለች ሚስቱ።

እንዲህ እያለ ሲወጣ ሲወጣ፣ በመጨረሻ በሁሉም ላይ የቀረው «የሚከተሉት ቁጥሮች ተሰጥተዋል» የሚል ብቻ ሆነ። ጥያቄዎቹ እንደ መንታ ሳይሆን እንደ አንድ ልጅ ተመሳሰሉ። ወንፊት ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«አሁን እኩል ሆነ አይደል? የተለያየ ነው ብለህ ላከው» አሉት አማቱ።

«እማማ፣ ውሸት እኮ ነው።»

«እንግዲያ ፍየሉን መልሰው።»

ፍየሉን ለመመለስ ሚስቱን ፈራ። ከላይ «ለእያንዳንዳችሁ የየራሳችሁ ጥያቄ ደርሷችኋል፤ የሌላ ሰው መልስ አይሠራላችሁም» ብሎ ጻፈና ላከው።

ማንም አልኮረጀም። አንዱ እዚህ ጋ ተሳስቷል፣ ሌላው እዚያ። ወንፊት ስህተቶቹን እንደ አራስ ልጅ ለሚስቱ እያሳየ፣ «እዪው፤ ይህ ተማሪው ራሱ የወለደው ስህተት ነው» ይላት ነበር።

በማግስቱ ኃላፊዋ አስጠራችው። አጠገቧ አንድ ተማሪ አኩርፎ ተቀምጧል።

«ለጓደኛዬ ቀላል ጥያቄ ነው የሰጡት» አለ ልጁ።

«ጥያቄውን አየኸው?»

«ለምን አየዋለሁ? የየራሳችን ነው ብለውናል። እሱ ግን ቶሎ ጨረሰ። የእሱ ቢደርሰኝ እኔም እደፍነው ነበር።»

ኃላፊዋ ወደ ወንፊት ዞረች። እውነቱን ቢናገር ወሬው ዕለቱኑ ይዳረስና በሚቀጥለው ፈተና ሁሉም ይኮራረጃል፤ ኮርሱም ያከትማል።

«በሚቀጥለው ልክ የእሱን ዓይነት እልክልሃለሁ» አለው።

«ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ልጁ አመስግኖ ወጣ። ኃላፊዋም መነጽሯን አውልቃ፣ «ኩረጃውስ ቆሟል፤ ኮርሱ ይቀጥል» አለች። «ያንን ቀላሉን ጥያቄ ግን ትንሽ ያክብዱት።»

«እሺ» አለ ወንፊት። የትኛውን ብሎ ግን አልጠየቃትም።