ነጥብ ለቃሚውና የሩቁ ፋኖስ

ነጥብ ለቃሚው ሌላ ስም አለው፤ ሱቅ ውስጥ ግን ማንም በስሙ አይጠራውም። ሥራው ለሽያጭ የመጡ የኮምፒውተር ስክሪኖችን መፈተሽ ነበር። እኔ በሩ አጠገብ ባለች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ የዋስትና ወረቀት እጽፍ ነበር። ከእኔ የተሻለ የሚተርክ ሰው ቢገኝ ደስ ባለኝ፤ ግን ያን ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ የነበርነው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን።

መጋረጃው ሱቁ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል የሚያጨልም ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ነው። ነጥብ ለቃሚው እዚያ ገብቶ ስክሪኑ ላይ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ በመጨረሻም ግራጫ ቀለም በየተራ ይለቃል። ከዚያ አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብሎ፣ ጥራጥሬ እንደሚለቅም ሰው ከጥግ ጥግ ያየዋል። ምስሉን ከሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች የሞተች ወይም በርታ የቀረች ካገኘ «አለች» ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም። እኔም ወረቀቱ ላይ «ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት እጽፍና ስክሪኑ ወደ አስመጪው ይመለሳል።

የማይሻሩ ሁለት ደንቦች ነበሩት። አንደኛ፣ ስክሪን ከገዢው ኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ሳይታይ አይሸጥም። ሁለተኛ፣ እሱ ሲያይ ማንም ማውስ አይነካም። «ምስል ከተንቀሳቀሰ ነጥብ ትሸሻለች» ይላል። በተረፈ አንዳንዷ ነጥብ ተደባቂ ናት፣ ስክሪኑ ሲሞቅ ነው የምትወጣው ብሎ ያምን ነበር። ይህን የሚያምነው እሱ ብቻ ነው፤ ማንም አይከራከረውም።

አንድ ረፋድ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ኮምፒውተሯን በተራረፈ ጨርቅ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋ መጣች። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። ስፌት መኪናዋ ላይ ብዙ ዘመን በማጎንበስ አንገቷ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ቀርቷል።

«ጌም የሚያጫውት ስክሪን ፈልጌ ነበር» አለች።

«ለልጅዎ ነው?» አለ ባለሱቁ።

«ለራሴ።»

ባለሱቁ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ተኩስ ነው ኳስ?»

«መሄድ ነው። ዝም ብሎ መሄድ።»

«እንግዲህ እትዬ፣ ለመሄድማ እግር ይበቃል።»

«እግሬ እዚያ አያደርሰኝም» አለችው። ባለሱቁ ከዚያ በኋላ በእሷ አልቀለደም።

ነገሩን ለነጥብ ለቃሚው ስታስረዳ ሰማሁ። ታናሽ ወንድሟ አብሯት ይኖር ነበር። ተራራና ጫካ ያለበት፣ ቤት የሚሠራበት ሰፊ ጨዋታ በዚሁ ኮምፒውተር ይጫወት ነበር። ሊሞት አንድ ሳምንት ሲቀረው «እዚያ ውስጥ ቤት ሠርቼልሻለሁ፤ መብራቱን እያየሽ ነይ» ብሏታል። የት እንደሆነ ግን አልነገራትም። እሷም ቁልፎቹን ቀስ በቀስ ተምራ ሰባት ወር ሙሉ ፈለገችው። አሮጌው ስክሪን ሩቁን ሁሉ ጭጋግ ያደርግባታል።

«ቤቱን ካላገኘሁት የመጨረሻ ቃሉን እንዳልሰማሁ ነው» አለች።

ነጥብ ለቃሚው ሁለት ስክሪን አውጥቶ ጎን ለጎን አቆመላት። «ይሄ ፈጣን ነው፤ ለሚሮጥና ለሚተኩስ ነው። ለእርስዎ አይሆንም። ይሄኛው ፎር ኬ ነው፤ ከስምንት ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው፣ ሩቁን ይለይልዎታል። ጥቁሩም የምር ጥቁር ነው። አመል ግን አለው። አንድ ምስል ብዙ ቀን ከቆየበት ይታተምበታል። ቢያጠፉትም አይለቅም።»

«ያላየውንስ ያትማል?»

«ያላየውን ከየት አምጥቶ፣ እትዬ?»

ኮምፒውተሯን ከሁለተኛው ስክሪን ጋር አገናኘው። ቀለሞቹ ሁሉ ንጹሕ ነበሩ። ከዚያ ጨዋታውን አስከፈታት። ምሽት የመሰለበት ሸለቆ፣ ከበስተኋላው ጥቁር ተራራ። ጎንበስ ብሎ ቆየ።

«አለች» አለ።

ከቀኝ ጠርዝ አራት ጣት ገባ ብላ፣ ከመርፌ ጫፍ የማትበልጥ ቢጫ ነጥብ። ተደባቂዋ ናት፣ ሞቅ ሲል ወጣች አለን። «በርታ የቀረች ነጥብ» ብዬ ጻፍኩ።

በሳምንቱ በምትኩ ሌላ መጣ፤ ልብስ ሰፊዋም ኮምፒውተሯን ይዛ ተመለሰች። ቀለሞቹ ንጹሕ፤ ጨዋታው ካቆመችበት ሲከፈት፣ እዚያው ቦታ፣ አራት ጣት ገባ ብላ። «አለች።» እሱም ወደ አስመጪው ተመለሰ።

«አንተ ሰውዬ፣ ነጥቧን ከቤት ይዘሃት ነው እንዴ የምትመጣው?» አለው ባለሱቁ።

ሦስተኛው ሲመጣ ነጥብ ለቃሚው እኔንም ለምስክር ጠራኝ። ነጥቧ እዚያው ናት። ሦስት ስክሪን፣ አንድ ቦታ። ልብስ ሰፊዋ መቆም ሰልችቷት ወንበሩን ሳብ ስታደርግ ክርኗ ማውሱን ገፋው። ምስሉ ወደ ግራ ዞረ። ነጥቧም ከተራራው ጋር አብራ ዞረች።

ነጥብ ለቃሚው ቀና አለ።

«ስክሪኑ ላይ አይደለችም» አለ። «እዚያ ውስጥ ናት።»

ሴትዮዋ ቁጭ ብላ መሄድ ጀመረች። ወንዝ ተሻገረች፣ ጫካ አለፈች። ነጥቧ ፍሬ አከለች፣ ቀጥሎም የመስኮት ቅርጽ ያዘች። ትንሽ የእንጨት ቤት ነበር። በመስኮቱ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ባዶ ወንበሮች፣ በጠረጴዛው ላይ አንድ ፋኖስ። ሰው የለም።

ወንድሟ ቤቱን በእርግጥ ሠርቶላት ነበር። ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«እዚህ ጨዋታ ውስጥ ፋኖስ አንድ ቀን ብቻ ነው የሚነደው» አለች። «ዘይት የሚጨምርለት ከሌለ ይጠፋል።»

«እርስዎ ጨምረው ይሆናላ» አለ ነጥብ ለቃሚው።

«ቤቱን ዛሬ ነው እኮ ያየሁት፤ ከእኔ በቀር የሚገባበትም የለም።»

የፋኖሱ ዘይት እስከ አፉ ሙሉ ነበር። በሩን አልከፈተችም። ከመስኮቱ ፊት ለፊት እንደቆመች ኮምፒውተሩን አስነቀለች፤ ስክሪኑን ገዝታ ወሰደች።

«አመሉን አይርሱ» አላት ነጥብ ለቃሚው። «አንድ ቦታ ላይ አያቁሙት።»

«ቢታተምም ይታተም» አለች።

ከስምንት ወር በኋላ ተመልሳ መጣች። ኮምፒውተሩን አላመጣችም፤ ስክሪኑን ብቻ፣ በዚያው ጨርቅ ጠቅልላ። ከስታለች፤ አንገቷ ይበልጥ ዘንብሏል።

«ሥራ ስሠራም ቡና ስጠጣም አይጠፋም፤ መስኮቱ ላይ ነው የሚውለው» አለች። «ከደጅ ሆኜ ነው የማየው። አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም። ሰውም አይቼበት አላውቅም። ሰሞኑን ግን ሳጠፋው የሚታየኝ ነገር አለ። ዓይኔ ይሁን ስክሪኑ አንተ ንገረኝ። ታሞ ከሆነ እንደ ፊተኞቹ መልሰውና ሌላ ስጠኝ። ካልታመመ ወደ ቤቴ ይዤው እሄዳለሁ።»

የዋስትናው ጊዜ አላለቀም። ወረቀቴን ይዤ ገባሁ። ነጥብ ለቃሚው ጥቁር ለቀቀ፣ ነጭ ለቀቀ፣ ቀለማቱን አዳረሰ። ከዚያ ግራጫውን ለቀቀ።

መስኮቱ ታትሟል። ይህንን ጠብቀነዋል። ጠረጴዛውም ፋኖሱም እንደ ጥላ ይታያሉ። ወንበሮቹ ግን ባዶ አልነበሩም። በአንደኛው ላይ ትከሻው ሰፊ የሆነ ሰው ተቀምጧል። በሁለተኛው ላይ ሌላ ሰው አለ፤ አንገቱ ወደ ግራ ዘንበል ያለ።

ስክሪኑ ከምንም ነገር ጋር አልተያያዘም ነበር፣ ከእኛ የመፈተሻ ኮምፒውተር በቀር። ያላየውን ከየት አምጥቶ ብሎ የነገራት ራሱ ነጥብ ለቃሚው ነው። ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑ ከሁለተኛው ጥላ ወደ ሴትዮዋ፣ ከሴትዮዋ ወደ ጥላው ሲመላለስ ነበር። ብዕሬ «ምክንያት» ከሚለው በላይ ቆሞ ይጠብቃል። «አለች» ቢል ስክሪኑ ወደ አስመጪው ሄዶ ይሰባበራል፤ ያ ምስልም አብሮ ይጠፋል። እሷም ይህንን ታውቃለች። ሁለት እጇን አጥብቃ ይዛለች።

ነጥብ ለቃሚው ስለ ስክሪን ዋሽቶ አያውቅም ነበር።

«ጻፍ» አለኝ። «ጉድለት የለውም።»

ጻፍኩ። ሴትዮዋ ረጅም ትንፋሽ አወጣችና ስክሪኑን በጥንቃቄ፣ ጥግ ጥጉን እያጠፈች ጠቀለለችው። ልትወጣ መጋረጃውን ስትገልጥ ነጥብ ለቃሚው ጠራት።

«እትዬ፣ እንግዲህ ይገባሉ ማለት ነው?»

ዘወር አለች። ፈገግ ያለች መሰለኝ።

«ምን ብዬ እገባለሁ? ወንበሮቹ ተይዘዋል እኮ» አለችና ሄደች።

እንደገና አላየናትም። ነጥብ ለቃሚው አሁንም ይፈትሻል፤ ከጥቁር እስከ ሰማያዊ ብቻውን ያያል። ግራጫው ላይ ሲደርስ ግን ጉሮሮውን ይጠርጋል። እኔም የምጽፈው ባይኖር እንኳ ወረቀቴን ይዤ እገባና አጠገቡ እቆማለሁ።