ቲቸር ይልማና የቤታችን ሥዕል

ባለፈው ሳምንት ቡራዩ ውስጥ መጽሐፍ ላስጠርዝ ወደ አንዲት ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ጠራዡ በጣሳ የሚያማስለው የዱቄት ሙጫ ያደረ ነበር። ጎምዘዝ ያለው ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ፉሪ የተማርኩበት አምስተኛ ክፍል ፊቴ ድቅን አለ። ቲቸር ይልማም።

የአማርኛ አስተማሪያችን ነበር። ዓርብ ዓርብ ከአሮጌ ካላንደር የቆረጣቸውን ሥዕሎች በብስኩት ካርቶን ላይ በዱቄት ሙጫ ለጥፎ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ይመጣል። ሁለቱን ሰሌዳው ላይ ይሰቅላቸዋል። በአንዱ ሴቶች ወንዝ ዳር ልብስ ያጥባሉ፤ በሌላው አንዲት የውጭ አገር ሴት መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ትሰፋለች። «ቆንጆ ነው እንዳትሉኝ» ይለን ነበር። «በምን ይመሳሰላሉ? በምን ይለያያሉ?» አጠገቤ የምትቀመጠው የጎረቤታችን የኦቦ ቶሎሳ ልጅ ጫልቱ አማርኛው ሲያጥራት፣ «በኦሮምኛ ጀምሪው፣ በአማርኛ አብረን እንጨርሰዋለን» ይላታል። «ይልቅ»፣ «በአንጻሩ»፣ «ግን» የሚሉት ቃላት አፋችን የለመዳቸው እነዚያ ካርቶኖች ፊት ነው።

አንድ ዓርብ ግን ሥዕል ሳይሰቅል ባዶ ወረቀት አደለን። ቤታችንን እንድንሥልና አጠገባችን ከተቀመጠው ልጅ ቤት ጋር እያወዳደርን እንድንጽፍ አዘዘን።

በዚያ ሰሞን በሰፈራችን መንገድ ሊወጣ ነው፣ ቤት ሊፈርስ ነው እየተባለ ይወራ ነበር። እኛ ደግሞ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ሸሽተን፣ ከገበሬ ያለ ካርታ በውል ወረቀት ብቻ በገዛናት ቦታ ላይ የጭቃ ቤት የሠራን ሰዎች ነን። እራት ላይ ስለ ሥዕሉ ሳወራ አባቴ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው።

«ስንት ክፍል ነው ብለሽ ጻፍሽ?»

«ሁለት። በጓሮ የቀጠልናትንም ክፍል ሣልኳት።»

«የቀጠልናትን!» አለና እናቴን አያት። «ይሄ ሰውዬ የሰው ቤት በልጅ የሚያስለካው ምን አግብቶት ነው?»

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ስለ ቲቸር ይልማ የሆነ የሆነ ነገር ትዝ ይለው ጀመር። የየት አገር ሰው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ከአስተማሪዎቹ ጋር ሻይ አይጠጣም። ከትምህርት ቤት ሲወጣ አስፋልቱን ትቶ በየጓሮው መንገድ ይገባል፤ መሃል ላይ ቆሞ ትንሽ ደብተር አውጥቶ ይጽፋል። አባቴ «እየተከታተልሽ ንገሪኝ» አለኝ።

ተከታተልኩት። የምወዳቸው ነገሮቹ ሁሉ መልካቸው ተለወጠ። ጋዋኑ ኪስ ውስጥ የሚከተው እጁ የሆነ ነገር የሚደብቅ መሰለኝ። ጥያቄው ምርመራ ሆነብኝ። ከትምህርት ቤት መጥቼ ያየሁትን ስናገር አባቴ እንደ ትልቅ ሰው ያዳምጠኝ ነበር፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ አዳምጦኝ አያውቅም። አንድ ቀን የምነግረው አጣሁ። ቲቸር ይልማን ያየሁት በራችን አጠገብ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሲያስር ብቻ ነበር።

«አጥራችንን እያየ ሲጽፍ አየሁት» አልኩ።

በሳምንቱ ቀያሾች መጥተው አጥራችን ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉ። በማግስቱ ወላጆች ትምህርት ቤቱን ሞሉት። አባቴ እጄን ይዞ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስገባኝ።

ቲቸር ይልማ ሥዕሎቻችንን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው። ኦቦ ቶሎሳ አንድ በአንድ እያነሱ አዩ። አንዱ ልጅ ጣሪያቸው ላይ አውሮፕላን አሳርፏል፤ አንዷ ሦስት ፎቅ ጨምራለች።

«ያ ዋቃ! በዚህማ የውሻ ቤትም አይለካም» አሉ፣ ሳቃቸው እያመለጣቸው።

አባቴ ግን የእኔን አግኝቶ ያነብ ነበር። «የእነ ጫልቱ በር ሲንኳኳ ወዲያው ይከፈታል። የእኛ በር ሲንኳኳ ግን አባቴ መጀመሪያ በቀዳዳ ያያል» ብዬ ጽፌአለሁ። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «‹ግን›ን በቦታው ተጠቅመሻል» ይላል።

አባቴ ወረቀቱን አጥፎ አስቀመጠው። «ደብተሩስ?»

«እሱ የግሌ ነው።»

«ልጄ አጥራችንን እያዩ ሲጽፉ አይታዎታለች።»

ቲቸር ይልማ ወደ እኔ ዞረ። ያን ዕለት ክሩን እያሰረ ቀና ብሎ አይቶኝ፣ ሰላምም ብሎኝ ነበር። ወደ አባቴ ተጠጋሁ። ቲቸር ይልማ እያየኝ፣ «በደንብ የምታይ ልጅ ናት» አለ። ደብተሩን ግን አላሳየም።

መንገዱ በመጨረሻ የወሰደብን አጥራችንንና አንድ የባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ያም ሆኖ «ተሳስተን ነበር» ያለ ሰው አልነበረም። የዓርቡ ሥዕል ቀረ። ዓመቱ ሲያልቅ ቲቸር ይልማ ወደ ጫንጮ ተዛወረ ተባለ። ደብተሩ ውስጥ ምን ይጽፍ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ አሁንም እጠረጥረዋለሁ፣ ከዚያ ደግሞ አፍራለሁ።

ለአባቴ እውነቱን የነገርኩት ዩኒቨርሲቲ ልገባ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ነው። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ።

«ያን ጊዜም አላመንኩሽም» አለኝ፣ ልብሴን እያጣጠፈ። «ስትነግሪኝ መሬት መሬት ታዪ ነበር። ግን እንዲያ እንድትይኝ እፈልግ ነበር።»

ሻንጣውን አብረን ዘጋነው።

ከቲቸር ይልማ የቀረልኝ ይህ ነው፤ ሰው ፊት «አየሁ» ልል ስል ምላሴ ትንሽ ትዘገያለች።