የሰው ጄኔሬተር

የጋዝ ማሞቂያ ያለ ኤሌክትሪክ እንደማይሠራ ያወቅኩት ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ገዝቼ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ያውም በረዶ የከበደው ዛፍ ሽቦውን በጥሶ የሰፈሩ መብራት ድርግም ባለበት ማለዳ። ምድር ቤት ወርጄ ማሞቂያው ፊት ቆምኩና ክው አልኩ። ጋዙ ቧንቧው ውስጥ አለ። እሳቱ የለም። ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ለሚኖረው ወንድሜ ደወልኩና ቤቱን የሠራው እሱ ይመስል ጮህኩበት።

«ጋዙማ አለ» አለኝ። «ግን የሚለኩሰውም፣ ሙቀቱን ወደ ክፍሎቹ የሚነፋው ፋንም በኤሌክትሪክ ነው። ፓወር ከሌለ ፈርነሱ አይነሳም።»

«ታዲያ ለምን የጋዝ ነው ይሉናል?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ! እማዬን ደራርቢላት፣ ጄኔሬተር ፈልጌ እመጣለሁ።»

እናታችን የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ሰባን ካለፈች ቆይታለች፤ ሳንባዋ ብርድ አይችልም። ያለፈው ክረምት ብርዱ ገብቷት ሆስፒታል ተኝታ ነበርና ሐኪሙ ሁለተኛ እንዳይደግማት ብሎ አስጠንቅቆኛል። ያን ቀን ቤቱ እየቀዘቀዘ በሄደ ቁጥር የማየው እሷን ብቻ ነበር። ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤባት፣ አፍንጫዋ ብቻ ቀርቶ «ኧረ አፈንሽኝ!» ትለኛለች።

ወንድሜ ጄኔሬተሩን ያገኘው ከጽዋ ማኅበር ጓደኛው ተውሶ ነው። ጎማ ያለው፣ እንደ ሻንጣ የሚጎተት ነገር ነው። ጓሮው ጥግ፣ ከቤቱ አርቆ፣ የጭሱን መውጫ ወደ አጥሩ አዙሮ አቆመው። ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤቶች ለእንዲህ ያለ ቀን ብለው ማሞቂያውን በባለሙያ መሰኪያ አስገጥመውለት ስለነበር ረጅም ገመድ በምድር ቤቱ መስኮት አስገብቶ ሰካው። ማሞቂያው ትንሽ ሲያመነታ ቆየና ጉርር ብሎ ተነሳ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ወንድሜ ሥራ ስለነበረው ወዲያው መመለስ ነበረበት። ከመሄዱ በፊት እኔን ወደ ጎን ጠራኝ። «ሊስን፣ ይሄ ነገር ኢንሳይድ አይገባም። ጋራዥም ቢሆን አይገባም፣ በሩን ብትከፍችውም አይገባም። ጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ አይሸትም፣ ዝም ብሎ ነው የሚገድለው፣ ኦኬ?» ቀጥሎ እማዬን ግንባሯን ሳማትና «እማዬ፣ የሰው ዕቃ ነው፤ አደራ፣ አየት እያደረግሽው» አላት። እሱ የፈራው ሌባ ነበር። እሷ «አይዞህ ልጄ፣ ሂድ» አለችው።

እኔንም እሱንም የወለደች ሴት ናት፤ የሰው ዕቃ ምን እንደሚያደርጋት ልናውቅ ይገባን ነበር። እናቴ የጎረቤት ድስት ስትዋስ ባለቤቲቱ አጥባው የማታውቀውን ያህል ፈትጋ፣ ባዶውን ማስረከብ ነውር ነው ብላ የሆነ ነገር ጣል አድርጋበት ነው የምትመልሰው። የራሷ ድስት እጀታው ከተነቀለ ስንት ዘመኑ!

ቤንዚኑ ብዙ እንደማይቆይ ስላወቅኩ፣ እማዬን ሙቅ ሳሎን ውስጥ አስቀምጬ ቤንዚን ፍለጋ ወጣሁ። አቅራቢያችን ያሉት ማደያዎች እነሱም መብራት የላቸውም። ራቅ ብዬ ሄጄ ሰልፍ ያዝኩ። ሰልፉ ላይ እያለሁ ያ መሬት ሲነካ በረዶ ሆኖ የሚረጋው ዝናብ መውረድ ጀመረ። እኔ እቴ፣ ቤቴ ሞቋል ብዬ ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር።

ስመለስ ጓሮው ባዶ ነው። «ተሰረቅን!» ብዬ ጮህኩ። ግን ድምፁ አለ። ሞተሩ ይጮሃል። ከየት እንደሚመጣ አዳመጥኩ፤ ከሳሎኑ ጋር ግድግዳ ከሚጋራው የመኪናዬ ጋራዥ ውስጥ ነው።

የጋራዡን የጎን በር ስገፋው አልከፈት አለኝ። በገመዱ ምክንያት ክፍት የቀረውን ቀዳዳ እማዬ ነፋስ እንዳይገባበት በጨርቅ ጠቅጥቃዋለች። በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ። ጄኔሬተሩ መሃል ላይ ቆሟል፤ ሥሩ ስጋጃ ተነጥፎለታል። ስጋጃ! አጥፍቼው ወደ ሳሎን ሮጥኩ። አንድ የታፈነ ጩኸት ይሰማኛል፣ ከየት እንደሆነ አልገባኝም። በኋላ ነው ያየሁት፤ የመርዙን ጋዝ የሚጠቁመውን፣ በባትሪም የሚጮኸውን አላርም ከሶኬቱ ነቅላ፣ በሻርፕ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች።

ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች። ፊቷ ወዝ የለውም። «እማዬ! እማዬ!»

ዓይኗን በግድ ገለጠች። «ራሴን ፈለጠኝ... ያም ነገር በጩኸት አደነቆረኝ...»

በብብቷ ይዤ ጎትቼ አወጣኋት። ቀኑን ሙሉ ከብርድ ስሸሽጋት የዋልኩትን እናቴን፣ በባዶ እግሯ፣ ዝናቡ ላይ አስቀመጥኳት። ብርዱ ይገድላት ይሆን? ወደ ውስጥ ብመልሳትስ? ናይን ዋን ዋን ደውዬ ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ አማርኛ ነው መሰለኝ የተናገርኩት። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ «ሰው ቤት ውስጥ አለ? ከውጭ ቆዩ፣ አትግቡ» ስትለኝ ብቻ ትዝ ይለኛል። ካፖርቴን አልብሼ፣ እግሯን ጉያዬ ውስጥ አስገብቼ፣ አቅፌያት አለቀስኩ።

እሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው ወደ ቤቱ ገቡ። አምቡላንሱ ውስጥ ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ ሲያደርጉላት ጭምብሉን ገፋ አድርጋ አንድ ነገር አለች። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ረጠበ?»

«ልብሴ ነው የረጠበው? ምንም አልሆንኩም እማዬ።»

«አይ... የሰውየው ዕቃ።»

ጭምብሉን መልሼ አፍንጫዋ ላይ አደረግኩላት።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፋ ቤቷ ገባች። ሳንባዋም ችሎታል። መብራቱ ከመጣ በኋላ አንድ እሑድ ወንድሜ የጄኔሬተሩን ባለቤት ይዞት መጣ፤ «እንኳን ማረዎት» ሊላት ነው። እማዬ አትነሺ ብንላትም ተነሳች።

«ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አለችው። «ዝናብ እንዳያገኘው ብዬ አስገብቼው ነበር። እሳት አደጋዎቹ አውጥተው እዝናቡ ላይ ጣሉት።»

ሰውየው ደነገጠ። «እማማ፣ ምን ይላሉ! እሱ እኮ እኔ ቤት ጓሮ ነው የሚቆመው። በረዶ ሲወርድበት ነው የሚከርመው፣ ሸፍኜውም አላውቅ።»

ወንድሜን አየሁት፤ እሱም አየኝ። ለዚህ ነበር እናታችንን ልናጣት የነበረው? ሳቅም ለቅሶም አልመጣልኝ። እማዬ ግን ሰውየውን የማይገባ ነገር እንደተናገረ ልጅ እያየችው ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ያንተ ስለሆነ ነዋ» አለችው። «እኔ ጋ ሲመጣ ግን የሰው ነው።»