ሻሚል ያልነካው ኳስ

ከባልንጀሮቹ ያነሰ የሚሳሳት ሰው ከባልንጀሮቹ የተሻለ ሰው ነው። የሚዛን ተፈሪ ከተማ ሰው በሻሚል አሚኑ ላይ የሰጠው ፍርድ ይህ ነበር፤ በቂ ማስረጃም ያለው መስሎት ነበር።

ሻሚል በከተማው የእግር ኳስ ቡድን ተጠባባቂ በረኛ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዋናው በረኛ ይትባረክ ሲጎዳ ወይም ሲደክም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዕረፍት በኋላ፣ ተቀይሮ ይገባል። የውድድሩን መዝገብ የምትይዘው የስፖርት መምህርት ንጋቷ የሊጉን በረኞች ሁሉ የምትለካው በአንድ ጥያቄ ነው፤ በረኛው ከነካቸው ኳሶች ስንቱ ከእጁ አመለጠ? የሊጉ አማካይ ከአሥር አንድ ነበር። ይትባረክን ከአሥር ሁለት ያመልጠዋል፤ ሻሚልን ግን ከአርባ አንድ።

ይህን ጥንቃቄ የተማረው ከሜዳ አልነበረም። አባቱ ከጅማ መጥተው ጀንፈል፣ ከነልጣጩ የደረቀ ቡና፣ ይገዙ ነበር። በእርሳቸውና በጎረቤቶቻቸው ነጋዴዎች ደንብ እጁን ጆንያ ውስጥ ያስገባ ገዢ ቡናው እርጥብ ሆኖ ቢያገኘው እንኳ ጥሎ መሄድ አይፈቀድለትም። "የተጠራጠርከውን እንዳትነካ። ከነካኸው ገዝተኸዋል" ይሉት ነበር። ሻሚልም ከጆንያው ራቅ ብሎ በዓይኑና በአፍንጫው መመርመርን ለመደ። ለነጋዴ ተገቢ ልማድ ነው። እርሱ ግን ይህንኑ ልማድ ይዞ ግብ ጠበቀ። ተሻጋሪ ኳስ ሲመጣ እርግጠኛ ካልሆነ ከግቡ መስመር አይወጣም። ይትባረክ ለሁሉም ይወጣ ነበር፤ ብዙ የሚያመልጠውም ለዚህ ነው። መምህርት ንጋቷ ደግሞ ያልተነካ ኳስ የምትቆጥርበት መንገድ አልነበራትም።

ነገሩ ከይትባረክ አልተሰወረም።

"ጓንትህ እኮ ከሱቅ እንደወጣ ነው" አለው አንድ ቀን ልብስ ሲቀይሩ። "ለአረፋ ልትለብሰው ነው?"

"ያንተ ጓንት ጭቃ እንጂ መች ኳስ ያውቃል!" አለ ሻሚል።

ቡድኑ ሳቀ፤ ቁጥሩ የሚደግፈው ሻሚልን ስለነበር የሳቀው በይትባረክ ነው። ብዙም ሳይቆይ አሰልጣኙ ያንኑ ቁጥር ጠቅሶ ሻሚልን ዋና በረኛ አደረገው። ለዓመታት የተመኘው ቦታ ነበር። ውድድሩ እስኪያልቅ ቁጥሩን ከጠበቀ ቦታው ይጸናለታል ተባለ።

ከዚያ ማሻ ከተማ ሄደው ከማሻ ቡድን ጋር ተጫወቱ። ዝናብ ሲጥል ውሎ ሜዳው ጭቃ ሆኗል። ጨዋታው ያለ ግብ ሊያልቅ ሲል ማሻዎች የማዕዘን ምት አገኙ። ኳሱ ከፍ ብሎ ወደ ግቡ አፍ መጣ፤ የበረኛ እጅ ከሁሉም ቀድሞ የሚደርስበት ስፍራ ነበር። ተከላካዩ አስረስ፣ ሚዛን ውስጥ በርና መስኮት የሚሠራው አናጢ፣ "ሻሚል፣ ያንተ ነው! ውጣ!" ብሎ ጮኸ። ሻሚል በዝናብ የራሰውን ኳስ አይቶ ተጠራጠረ፤ አልወጣም። አስረስ ዘግይቶ ዘለለ፤ ኳሱን በግንባሩ አውጥቶ በቀኝ ትከሻው ከግቡ ቋሚ ጋር ተላተመ። አጥንቱ ተሰበረ። ግብ አልገባም፤ በመለኪያው መሠረት ሻሚል በዚያ ቀን አንድም ስህተት አልሠራም።

በውድድሩ መዝጊያ መምህርት ንጋቷ የሻሚልን ውጤት ከሊጉ አማካይ ጋር አነጻጽራ በሰው ፊት አነበበች። ከሁሉም የላቀ ነበር። ተጨበጨበ። አስረስ ቀኝ እጁ በአንገቱ ታስሮ ከፊት ተቀምጧል።

"ሻሚል፣ እኔ ሳላጨበጭብልህ ብቀር እንዳትቀየመኝ" አለ። "አንዱ እጄ ማሻ ቀርቷል።"

ሰዉ ሳቀ። ሻሚል አልሳቀም። ሰዉ ሲበተን ወደ መምህርቷ ቀረበ።

"መምህርት፣ የማሻውን ኳስ በእኔ ላይ ይቁጠሩት።"

"የትኛውን? አስረስ ያወጣውን? አልነካኸውም እኮ።"

"ለዚያ ነው የምልዎት።"

"ያልተነካ አይቆጠርም፣ ሻሚል። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው" አለችው፤ ቁጥሩም እንዳለ ቀረ።

መጠየቁ ትክክል ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ምስጋና አይገባውም፤ ጥያቄው የአናጢውን ትከሻ አልጠገነምና። በተከታዮቹ ዓመታት ሻሚል ከመስመሩ እየወጣ ተጫወተ። ብዙ ኳስ ከእጁ አመለጠ፤ ቦታውንም ይትባረክ መልሶ ወሰደው። ጨዋታ ሲያቆም የዘመኑ ሁሉ ውጤት ተደምሮ ከሊጉ አማካይ ጥቂት የከፋ ሆነ። የከተማው ሰው "ጥሩ በረኛ ነበር፤ ኋላ ተበላሸ" አለ። ይህም ፍርድ እንደ መጀመሪያው በቁጥር የተደገፈ ነው፤ እንደ መጀመሪያውም ስህተት ነው።

የግቡ አፍ የበረኛው ነው። ያ ኳስ ሻሚል ሳይነካውም የእርሱ ነበር። ለአስረስ ሲል መውጣት ነበረበት።