ሰማያዊዋ መንኮራኩር

በጀርመኗ ፉርት ከተማ በሰሌዳ ላይ በጠጠር የሚጫወቱት ጨዋታ የሚያሳትሙት ወይዘሮ ጌርሊንደ አውሙለር ዕድሜያቸውን ሙሉ ያሳተሙት ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው፤ «የጨው መንገድ» እና «ሰባቱ ወፍጮዎች»። ሦስተኛ እንዲጨምሩ የሚመክራቸውን ሁሉ ኬክ ጋብዘው ይሸኙታል።

አሳታሚ ቤቱ አንድ ደንብ ነበረው። ጠጠር የጠፋበት ደንበኛ፣ ጨዋታውን የገዛው መቼም ይሁን መቼ፣ ምትኩ በነጻ ይላክለታል። ለዚህም ሲባል ከመጋዘኑ ጎን ያለው ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ መለዋወጫ ጠጠር በያዙ መሳቢያዎች የተሞላ ሲሆን፣ ቁልፉ በክር ታስሮ ከወይዘሮዋ አንገት ተለይቶ አያውቅም።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ልጃቸው ፎልከር ሹካውን አስቀመጠ።

«እማዬ፣ በኤሰን ከተማው የጨዋታ ትርኢት ሰው አጠገባችን ሲያልፍ ሐውልት ያየ ነው የሚመስለው። አዲስ ነገር ካላወጣን ሙኒክ ሥራ አግኝቻለሁ፤ እሄዳለሁ።»

ወይዘሮ ጌርሊንደ ቤቱን የሚያስረክቡት ሌላ ሰው አልነበራቸውም። የድንች ሰላጣውን ወደ እርሱ ገፋ አደረጉለት።

«አውጣ። የደንበኞቹን ስልክ ግን አንተ ታነሣለህ።»

ፎልከር በጠጠር ፈንታ በፕላስቲክ የጠፈር መንኮራኩሮች የሚጫወቱትን «የጠፈር ነገሥታት» አወጣ። በጥቅምቱ ትርኢት ሰው ተጋፋበት። መንኮራኩሮቹን የሠራው ፋብሪካ ከገና በፊት ተዘጋ፤ መለዋወጫ አስቀድሞ ማዘዝ ደግሞ ለፎልከር አልታየውም ነበር።

በገና ማግሥት ስልኩ ጮኸ።

«ውሻዬ ሰማያዊዋን መንኮራኩር ዋጠብኝ» አሉ አንዲት ሴት።

«ውሻው ተረፈ?»

«እሱማ ጅራቱን ይቆላል። ጨዋታው ነው የሞተብኝ።»

ፎልከር ከመጋዘን አንድ አዲስ የጨዋታ ካርቶን ከፍቶ ሰማያዊዋን ላከላቸው። ክንፏ ቀጭን ስለ ነበረ፣ ከዚያ በኋላ የደወለው ሁሉ የሰበረው እርሷኑ ነበር። ለአንዱ ደንበኛ አንድ ካርቶን ይከፈታል፤ የተከፈተውም ጎደሎ ሆኖ ይቀመጣል። ሚያዝያ ሲገባ መጋዘኑ ሙሉ ነበር፤ የሚሸጥ ካርቶን ግን አልነበረውም።

«መለዋወጫ አስቀድሞ እንደሚታዘዝ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ፎልከር በእሑዱ ምሳ ላይ።

«ብነግርህ ኖሮ ይኼኔ ሙኒክ ነበርክ።»

ፎልከር ጎረሰ።

«ዘንድሮ ለትርኢቱ ምን ይዘን ልንሄድ ነው?»

«የጨው መንገድን። ምናልባት አረንጓዴውን ጠጠር ፈካ እናደርገው ይሆናል። ጠቆረ የሚሉ አሉ።»

ፎልከር ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እንዳትነኪው! ድሮ ከገዙት ላይ አንድ አረንጓዴ የጠፋባቸው ሰዎች ሲደውሉ ምን ልልክላቸው ነው? ከሌሎቹ ጋር የማይመሳሰል?»

ወይዘሮ ጌርሊንደ ክሩን ከአንገታቸው አውልቀው የመለዋወጫ ክፍሉን ቁልፍ ከሰላጣው ሳህን አጠገብ አኖሩት።

ፎልከር ክሩን አንገቱ ላይ አጠለቀና ተቀምጦ ሰላጣውን ጨረሰ።