አገር ያነበበው ገጽ

እንዳላማው በትምህርት ፖሊሲ ለሁለተኛ ዲግሪው የጻፈው ጥናት መቶ አርባ ገጽ ነው። መቶ ሠላሳ ዘጠኙ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ ብቻ በአማርኛ። ያ አንዱ ገጽ ከላይ "ምስጋና" ይላል፤ ከሥሩ የአምስት ሰው ስም ከነአባቱና ከነጎጡ ተዘርዝሯል። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ገጽ ነው።

ክፉ ሰው እንዳልሆነ ግን ይታወቅለት። ከአምበር በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ገጠር፣ በአንዲት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሯል፣ ሰባት ዓመት ደግሞ ዳይሬክተር ሆኗል። ጣሪያ ሲያፈስ ቆርቆሮው ላይ ራሱ ይወጣል። ልጁን ከትምህርት ያስቀረ አባት ካለ እርሻው ድረስ ሄዶ፣ በሬዎቹን አስቁሞ ይከራከራል። አንድ ድክመት ብቻ ነበረበት፤ ምስጋና ሲባል ነፍሱን አያውቅም። ሰው ሲያመሰግነው ደስ ይለዋል፣ ሰውን በአደባባይ በስሙ እየጠራ ማመስገን ደግሞ ከዚያ የበለጠ ደስ ይለዋል። የወላጆች ቀን በመጣ ቁጥር የእሱ ምስጋና ከበዓሉ ይረዝም ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች መጥተው ትምህርት ቤቱን ዘጉት። ማንም እንዳያስተምር፣ ማንም ልጁን እንዳይልክ ተባለ። በጎረቤት ቀበሌ አንድ መምህር ነገሩን ቀልድ መስሎት ክፍል ከፈተ። ማክሰኞ ጠዋት ወሰዱት። ሚስቱ ጥቁር ትልበስ አትልበስ እስከ ዛሬ አላወቀችም።

እንዳላማው ቁልፉን ለወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ለወይዘሮ ጤናዬ አስረክቦ ከሚስቱ ከየኔአለም ጋር ደብረ ማርቆስ ገባ። እዚያ ለርእሰ መምህራንና ለማኅበረሰብ መሪዎች በሚሰጠው የማስተርስ ትምህርት ተመዘገበ፤ ቅዳሜና እሑድ ይማራል። ሲጀምር ሥራ ፈትቶ ላለመቀመጥ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ሙሉ ልቡን ሰጠው። አርባ ሦስት ዓመት ሞልቶት፣ ደብተር በብብቱ ይዞ እንደ ልጅ ይሮጥ ጀመር።

ወይዘሮ ጤናዬ ደግሞ አርፈው የሚቀመጡ ሴት አይደሉም። ባላቸው ሞቶባቸው ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩ፣ ዳኛ ፊት ቢቆሙ ዳኛውን የሚያስደነግጡ ናቸው። ትምህርት ቤቱ በተዘጋ በስድስተኛው ወር ሠላሳ ስድስት ልጆች በየተራ በአራት ቤት እየሰበሰቡ ፊደልና ቁጥር ያስተምሩ ጀመር። ልጁ ሁሉ ሰፌድ ይዞ ይመጣል። እንግዳ ብቅ ሲል ደብተሩ ከሰፌዱ ሥር ይገባና ምስር ለቀማ ይጀመራል። ቤታቸውንና ምስራቸውን የሰጡት መሪጌታ ክንዴ፣ አቶ አበረና ሌሎች ሁለት አባወራዎች ነበሩ።

እንዳላማው ይህን የሰማ ዕለት የሚያጠናውን ነገር አገኘ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንድ ማኅበረሰብ ልጆቹን እንዴት ያስተምራል? ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከየት ይመጣል! አማካሪው ዶክተር ሙሉብርሃን ጠንቃቃ ሰው ናቸውና በመጀመሪያው ቀን "ስም የለም፣ ቀበሌ የለም፣ ሰዎቹን የሚያሳውቅ አንዲት ቃል የለችም" አሉት። እሺ አለ። ለቅሶ ደራሽ መስሎ አራት ጊዜ ወደ ገጠር ተመላለሰ። በጥናቱ ውስጥ ሰዎቹ "ተጠያቂ አንድ"፣ "ተጠያቂ ሁለት" እየተባሉ ተጻፉ።

ነገሩ የተበላሸው የፈቃዱ ወረቀት ላይ ነው። "ስምዎ በየትም ቦታ አይጠቀስም" ብሎ ሲያነብላቸው ወይዘሮ ጤናዬ ተቆጡ።

"ስሜን የምትሸሽገው ምን ሰርቄ ነው? ስሙን ደብቆ የሚያወራ ሐሜተኛ ነው። እኔ ሐሜተኛ ነኝ?"

"እትዬ ጤናዬ፣ ለእርስዎው ደኅንነት ነው። ደንቡ እንዲያ ነው።"

"ደንቡን ተወውና እኔን እየኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ስደክም አንድ ሰው እንኳ ደግ ሠራሽ አላለኝም። ማን ይበለኝ፣ ተደብቄ! ነገ ብሞት ልጆቼ እናታችን ይህን ሠርታ ነበር ብለው የሚያዩት ነገር የለም።"

መሪጌታ ክንዴም ወረቀቱን ሳይፈርሙ መለሱለት። እንዳላማው እውነታቸውን ነው አለ። ጥናቱ ውስጥ ሳይሆን ምስጋናው ላይ ስማቸውን ሊጽፍ ቃል ገባና አስፈረማቸው። ምስጋና እኮ መረጃ አይደለም ብሎ ራሱን አሳመነ። የተማረ ሰው ራሱን ለማሳመን መቼ ምክንያት አጥቶ ያውቃል! እንዲያነቡት ብሎ በአማርኛ ጻፈው፤ "በክፉ ቀን የልጆቻችንን ትምህርት ላላቋረጡት ባለውለታዎቼ" ብሎ ጀምሮ አምስቱንም ዘረዘረ። አማካሪው ባዩት ረቂቅ ላይ ያ ገጽ አልነበረም። ጥራዙ ሊታሰር ሲል ነው የሰካው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ጥራዙ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ይኖር ነበር። እሱ ግን በተመረቀ ሳምንት ያንን ገጽ አምስት ቦታ ኮፒ አስደርጎ፣ በፕላስቲክ አስለብጦ ለአምስቱም ላከላቸው። አምስቱም ግድግዳቸው ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ሰቀሉት። ለማኅበር የመጣ፣ በሬ ሊዋስ የመጣ፣ እሳት ሊጭር የመጣ ሁሉ ቆሞ አነበበው።

ስልኩ የጮኸው በግንቦት መጨረሻ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። የኔአለም ልብስ ታሰጣለች፤ እሱ በጋዋን የተነሣውን ፎቶ ፍሬም ውስጥ ያስገባል።

"ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት" አለ አንድ የለሰለሰ ድምፅ። "ደመላሽ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል አስተምረውኛል።"

ትምህርት ቤቱን የዘጋው፣ ያን አካባቢ አሁን የሚያዘው ሰው ደመላሽ ነው።

"መጽሐፍ ጻፉ አሉ። ሌላውን አላየነውም፣ አንዱን ገጽ ግን አነበብነው። ጥሩ አማርኛ ነው።" ድምፁን ሳያነሣ ቀጠለ። "ሐሙስ ሰዎቹን አቶ አበረ አውድማ ላይ እንሰበስባቸዋለን። ለምን እንደተመሰገኑ ይነግሩናል። እርስዎን አልጠራንም፤ እርስዎ የከተማ ሰው ነዎት።"

ስልኩ ተዘጋ። የኔአለም ማነው ብላ ስትጠይቀው "ተማሪዬ" አላትና ፎቶውን ፊቱን አዙሮ አስቀመጠው።

ሰኞና ማክሰኞ እህል በአፉ አልዞረም። ወደ ገጠር ቢደውል ኔትወርክ የለም። ሽሹ ብሎ ሰው ቢልክባቸው የት ይሸሻሉ፤ እርሻቸውን ጥለው፣ ሠላሳ ስድስት ልጅ ይዘው? ረቡዕ ጠዋት አንድ ነገር ታየው። ጥናቱ ውሸት ከሆነ አምስቱ ሰዎች ምንም አላደረጉም። ዲግሪ ለማግኘት ፈጥሬ ጻፍሁት ቢል ማን አያምነውም? ሰው ያለዚያም ዲግሪ በስንት ተንኮል እንደሚገኝ ሲያወራ ነው የሚውለው። ለዶክተር ሙሉብርሃን ደውሎ ሁሉንም ነገራቸው።

ዶክተሩም "ፈጠርሁት ብለህ በአደባባይ ከተናገርህ ዲግሪውን ይነጥቁሃል። እኔም አልከላከልልህም" አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ሂድ" አሉት።

ሐሙስ በሚኒባስ አምበር ወረደና በእግሩ ገባ። የእርሻ ወቅት ነው፤ ግን በመንገዱ ሁሉ አንድ ጥማድ በሬ አላየም። ውሻ እንኳ አልጮኸበትም። ትምህርት ቤቱን ሲያልፍ በሮቹ ተነቅለዋል፣ ሰንደቁ ሥር ሣር በቅሏል። ከዚያ ጀምሮ ሁለት ታጣቂዎች ከኋላው ይከተሉት ጀመር። ና አላሉትም፣ ተመለስም አላሉትም።

አውድማው ላይ የመንደሩ ሰው ከነልጁ ተሰብስቧል። አምስቱ ከፊት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ደመላሽ ድንጋይ ላይ ሆኖ ያንን ገጽ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል። እንዳላማውን ሲያይ እንደ ተማሪ ከመቀመጫው ተነሣለት። እንዳላማው ከዚያ አነሣሥ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር አይቶ አያውቅም።

"ልናገር" አለ። "ያ ገጽ ውሸት ነው። ጥናቱም ውሸት ነው። ዲግሪውን ፈልጌ ያልተደረገውን ተደረገ ብዬ ጻፍሁ። እነዚህ ሰዎች ልጅ አላስተማሩም። እኔ ነኝ በስማቸው የነገድሁት።"

ሕዝቡ አጉረመረመ። ወይዘሮ ጤናዬ ዞረው አዩት፤ ፊታቸው ላይ መጀመሪያ ንዴት መጣ፣ ቀጥሎ ነገሩ ገባቸውና ዓይናቸውን ሰበሩ። መሪጌታ ክንዴ "እኛስ ምስር ስንለቅም ነው የከረምነው" አሉ።

ደመላሽ ሳቀ፤ ከልቡ ነው የሳቀው። "ጋሼ! ፈተና ላይ ሲኮርጅ ያገኙትን ልጅ በአለንጋ የሚገርፉት እርስዎ!" ታጣቂዎቹም ሳቁ። ከሕዝቡ ውስጥም አንዳንዱ ፈገግ አለ። እንዳላማው ዲግሪው ሲሄድ ታየው፣ ግን እንደዚያ ቀን እፎይ ብሎ አያውቅም። አምነውኛል አለ። ተርፈዋል አለ።

ደመላሽ ለመሄድ እንደሚነሣ ሰው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንጠለጠለ። ከፊቱ የአቶ አበረ የልጅ ልጅ ፅጌ ቆማለች። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አምስት ዓመቷ ነበር፣ ደጃፉን ረግጣ አታውቅም።

"እስቲ ይህን ያዢልኝ" ብሎ ገጹን ሰጣት። ሲሰጣት ጽሑፉ ተዘቅዝቋል።

ፅጌ ተቀበለችው፤ አየችውና አቃናችው።

የልጅቱ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ መስመሩ ሲያልቅ ወርዶ እንደገና ይጀምራል። ደመላሽ ፊቷ ተንበርክኮ ዓይኗን ይከተላል። አሁን አይስቅም።

"ምን ይላል?" አላት በለስላሳ ድምፅ።

ልጅቱ ደነገጠች። ለእንግዳ እንዳትናገር የተነገራት ትዝ አላትና ወደ ወይዘሮ ጤናዬ ዞረች። እንዳላማው አላውቅም በይ፣ አላውቅም በይ እያለ በልቡ ይለምናታል። ወይዘሮ ጤናዬ ልጅቱን አዩ፣ ደመላሽን አዩ። የሚደበቅ ነገር እንዳልቀረ ገብቷቸዋል። ነጠላቸውን አስተካከሉና ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

"አንብቢ፣ ልጄ" አሏት። "የምን መፍራት ነው?"

ፅጌ ወረቀቱን ወደ ፊቷ አስጠጋች። "ምስጋና" አለች ጮክ ብላ። ቀጥላ አንዲት ፊደል ሳትስት የመጀመሪያውን ስም አነበበች።