ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሚደውለው ሰው

እናቴ ሃያ ስድስት ዓመት የሆስፒታል ስልክ አገናኝ ነበረች። ሰፈሩ «እትዬ ሀሎ» ይላታል። ጡረታ ከወጣች በኋላ ጆሮዋ ከዳት፤ በር ቢሰበር አትሰማም። ስልክ ሲጮህ ግን ትሰማለች፤ ያውም ቤታችን ውስጥ የሌለ ስልክ።

ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከወጥ ቤቱ መደርደሪያ በኩል ይጠራል። እሷም የያዘችውን አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ትዞርና፣ በዚያ በለሰለሰ የሥራ ድምፅዋ መስመሩ ተይዟል፣ ቆይተው ይደውሉ ትላለች። መጀመሪያ ሳቅኩባት። ሲደጋገም ግን አበደች ብዬ ፈራሁ።

የወሰድኳት የጆሮ ሐኪም እብደት አይደለም አለ። ጆሮ ሲደክም አእምሮ ዝምታውን አይወደውም፤ ከጓዳው ያገኘውን ድምፅ እያወጣ ይሞላዋል። የመስሚያ መሣሪያ ስናደርግላት ይጠፋል ብሎ ለሐሙስ ቀጠረን። ለመሆኑ አእምሮ ይሄን ድምፅ የሚፈልግበት ምክንያት ይኖረው ይሆን ብዬ ብጠይቀው፣ ምን ይጠቅማል ብለሽ ነው ብሎ ፈገግ አለ። እኔም አብሬው ፈገግ አልኩ።

ደስ ይላታል ብዬ ጥሪው ሊጠፋ መሆኑን በወረቀት ጽፌ ሳሳያት ፊቷ ጠቆረ። ለካ ደዋዩን ታውቀዋለች። ሚስቱ እናቴ በምትሠራበት ሆስፒታል ተኝታ እሱ ሩቅ ቦታ የሚሠራ ሰው ነበር፤ በየጠዋቱ እየደወለ «እህቴ፣ ባለቤቴ እንዴት አደረች» ይላት ነበር። ሴትዮዋ ሞተች። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው፤ ዘመድ ይንገረው ተባለ። እናቴ ሦስት ጠዋት መስመሩ ተይዟል አለችው። በአራተኛው አልደወለም። ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ይጠይቃታል፤ እሷም ያንኑ ትመልሳለች።

«አንዴ እውነቱን ብነግረው ይወጣልኝ ነበር። አፌ አልታዘዝ አለኝ እንጂ» አለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት መኪና በር ላይ ቆሟል፤ ሾፌሩ ደግሞ ትዕግሥት ያልፈጠረበት ነው፣ ጥሩንባውን ያንጫርራል። ወጥ ቤት ስገባ እናቴ ካፖርቷን ለብሳ ግድግዳው ፊት ቆማለች።

«ባለቤትዎ አርፈዋል» አለች። «ማክሰኞ ማታ። ይቅር ይበሉኝ፣ ያኔውኑ መንገር ነበረብኝ።»

ጸጥ ብላ አዳመጠች። ልትመልስ አፏን ስትከፍት፣ እንግዲህ የሚነገረው ተነግሯል ብዬ ትከሻዋን ነካሁና በእጄ በሩን አሳየኋት።

መኪና ውስጥ ገብተን ብዙ ከሄድን በኋላ ነው የተናገረችው።

«ብቻዋን ነበረች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልነበረችም። ያን ማታ ከሥራ ስወጣ ወደ ክፍሏ ሄጄ እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። ልነግረው ስል ትከሻዬን ነካሽኝ።»

መሣሪያው ግሩም ነው፤ አሁን የጎረቤት ሹክሹክታ እንኳ አያመልጣትም። ሰውየው ግን ከዚያ ወዲህ አልደወለም። መስመሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጥፋት በምን እንደሚካስ አላውቅም።

እናቴ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን መሣሪያውን አውልቃ ሳህን ላይ ታስቀምጥና ግድግዳው ፊት ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ያኔ ቤቱ ቢናድ እንደማትሰማ አውቃለሁ። እንዲያም ሆኖ፣ እስክትነሳ ድረስ የቧንቧ ውሃ እንኳ አልከፍትም።